በማጽጃ ጠርሙስ ላይ ያለውን ምልክት እናንብብ

የዛሬው ትምህርት ስለ ማጽጃ ኬሚካል ነው። እኔን ያነቃኝ ግን አሜሪካ ከባድ መኪና የሚነዳው ያጎቴ ልጅ ነው። አደገኛ ዕቃ ለመጫን የሚያስፈልገውን ፈቃድ ለማውጣት እያጠና ነበር። እዚያ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም። ሥልጠና ይወስዳል፣ የጽሑፍ ፈተና ይፈተናል፣ አሻራ ይሰጣል። መኪናው ላይ የሚለጠፉትን ምልክቶችና አብረው የማይጫኑትን ዕቃዎች ማወቅ አለበት።

አንዱን ምልክት በስልክ ላከልኝ። ፈሳሽ እጅና ብረት ላይ ሲንጠባጠብ ያሳያል። ወዲያው አወቅኩት! ሪያድ በሠራሁበት ቤት፣ መታጠቢያ ቤት ካለው ጠርሙስ ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ አይቼዋለሁ። ትርጉሙን የነገረኝ ግን አልነበረም። ሹፌሩ ተፈትኖ የሚጭነውን እኛ ሳንማር በባዶ እጃችን እንነካዋለን።

እኔ ላይ የደረሰው

አንድ ቀን ማዳም ሽንት ቤቱ አልነጣም ብላ ተቆጣች። በረኪና አፍስሼ ስለነበር ቶሎ እንዲለቅ ብዬ አሲድ ያለበትን የሽንት ቤት ማጽጃ ጨመርኩበት። በሩ ዝግ ነው። ወዲያው ዓይኔ ተቃጠለ፣ ደረቴ ታፈነ፣ ሳሉ አላቆም አለኝ። እየተንገዳገድኩ ወጣሁ። ጥፋተኛ ትለኛለች ብዬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ሌሊቱን ሙሉ ስስል አደርኩ። ዝም ማለቴ ትልቁ ስህተቴ ነበር፤ እንዲህ ያለው ጋዝ ከሰዓታት በኋላም ሳንባን ሊያስቸግር ይችላል።

እነዚህን አትቀላቅዪ

• በረኪና (ክሎሮክስ የምንለው) እና አሲድ፦ ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል። የሽንት ቤትና የካልክ ማስለቀቂያዎች ብዙ ጊዜ አሲድ አላቸው፤ ኮምጣጤም አሲድ ነው።
• በረኪና እና አሞኒያ፦ ይህም መርዛማ ጋዝ ያወጣል። አንዳንድ የመስታወት ማጽጃ አሞኒያ አለው።

በረኪናን ከውሃ በቀር ከምንም ጋር አትቀላቅዪው። አንዱን ተጠቅመሽ ሌላ ካስፈለገሽ መጀመሪያ በብዙ ውሃ እጠቢው። በርና መስኮት ክፈቺ፣ ጓንት አድርጊ። ማጽጃ ወደ ውሃ ጠርሙስ አትገልብጪ፤ ልጅ ሊጠጣው ይችላል።

ምልክቱን እዪ

ቀይ ጠርዝ ባለው አራት ማዕዘን ውስጥ፦ እጅና ብረት ላይ የሚንጠባጠብ ፈሳሽ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል ማለት ነው። የራስ ቅል መርዝ ነው። ነበልባል በቀላሉ እሳት ይይዛል። በዓረብኛ «ኸጠር» አደጋ፣ «ተህዚር» ማስጠንቀቂያ ነው። ማንበብ ባትችዪም ሥዕሉ ይነግርሻል።

አደጋ ከደረሰ

ጋዙ ካፈነሽ ሁሉን ትተሽ ወደ ንጹህ አየር ውጪ፤ ለማጽዳት ብለሽ አትመለሺ። ቆዳሽ ላይ ከፈሰሰ የነካውን ልብስ አውልቂ፣ በሚፈስ ውሃ ቢያንስ 20 ደቂቃ እጠቢ። ዓይንም እንደዚሁ ነው። የጥርስ ሳሙና ወይም ቅቤ አትቀቢ። የተዋጠ ከሆነ ለማስመለስ አትሞክሪ። ትንፋሽ ካጠረሽ አምቡላንስ ጥሪ፦ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬትስ 998፣ ኳታር 999፣ ኩዌት 112፣ ሊባኖስ ቀይ መስቀል 140። ጠርሙሱን ይዘሽ ሂጂ ወይም ፎቶ አንሺው፤ ሐኪሙ ምን እንደሆነ ያውቃል።

መብትሽ

በ2011 የወጣው የዓለም ሥራ ድርጅት 189ኛው ስምምነት የቤት ሠራተኛ ደህንነቱ በተጠበቀ ሁኔታ የመሥራት መብት አላት ይላል። ብዙ የዓረብ አገሮች ባያጸድቁትም አንዳንዶቹ የራሳቸው ሕግ አላቸው። ለምሳሌ የኩዌት የ2015 ሕግ ቁጥር 68 አሠሪ ጤናሽን የሚጎዳ አደገኛ ሥራ እንዳያሠራሽ ይከለክላል። ስለዚህ ጓንት መጠየቅ ድፍረት አይደለም። «ቀላቅዪ» ካሉሽ በእርጋታ ጠርሙሱን እያሳየሽ «ሃዳ ኸጠር» በዪ፤ ይህ አደጋ ነው ማለት ነው። ጋዙ ለማዳምም ለልጆቿም አይመለስምና ብዙዎቹ ይሰማሉ።

አሁን ወደ መታጠቢያ ቤቱ ሂጂና የስንት ጠርሙስ ምልክት እንደምታውቂ ቁጠሪ። አብራሽ ለምትሠራው እህትም አሳዪያት።