ኤልያስ ያልቆጠራቸው

«ቅሬታ» ሲባል ዛሬ ትዝ የሚለን አቤቱታ ነው፤ በመጽሐፍ ቅዱሳችን ግን ቃሉ ተርፎ የቀረውን ሕዝብ ያመለክታል። ነቢዩ ኤልያስ በኮሬብ ዋሻ ውስጥ ሳለ ሁለቱ ተገናኙ፤ እርሱ አቤቱታውን ሲያሰማ እግዚአብሔር ስለ ተረፉት ነገረው።

ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ ብቻውን እንደ ቀረ ሁለት ጊዜ ተናገረ። ይሁን እንጂ የአክዓብ ቤት አዛዥ አብድዩ 100 ነቢያትን ሃምሳ ሃምሳ አድርጎ በዋሻ ሸሽጎ እንደ መገባቸው አስቀድሞ ነግሮት ነበር (1ኛ ነገ. 18፥13)። ሰምቷል፤ ግን ከቁጥር አላስገባቸውም። ፍርሃትና ድካም እንዲህ ያደርጋል። እግዚአብሔርም ለበኣል ያልሰገዱ 7,000 እንዳሉ ገለጠለት (19፥18)። እነዚያ ሰዎች መጽናታቸው እውነት ነው፤ ያስቀራቸው ግን እርሱ ነው። ከእነርሱ የአንዱም ስም በዚያ አልተጻፈም።

ሐዋርያው ጳውሎስ ይህን ታሪክ በሮሜ 11 ያነሣው እግዚአብሔር እስራኤልን ጥሎ እንደሆነ ለሚጠይቅ ሰው ሲመልስ ነው። አልጣለም ይላል፤ የመጀመሪያው ማስረጃም ራሱ ነው፦ ከብንያም ነገድ ተወልዶ በክርስቶስ ያመነ እስራኤላዊ። በእርሱም ዘመን ቅሬታዎች ነበሩ፤ የተመረጡትም በጸጋ እንጂ በሥራቸው አልነበረም።

ከአሕዛብ የመጣነው እኛስ? በወይራው ላይ የገባን የዱር ቅርንጫፍ ነን፤ ስለዚህ በአይሁድ ላይ መታበይ ከየት ይመጣል? ጳውሎስ በቁጥር 23 የተሰበሩትን ቅርንጫፎች እግዚአብሔር መልሶ ሊያስገባቸው እንደሚችል ጽፏል። ከቁጥር 25 እስከ 32 ያለውን ለሚቀጥለው ሰንበት አንብባችሁ ኑ።