ባትሪው ነው ወይስ ቻርጀሩ? በኤሌክትሪክ በሚሠራ የኤርሶፍት ጠመንጃ ላይ ብልሽትን መለየት

የኤርሶፍት ጠመንጃ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸውን የፕላስቲክ እንክብሎች በአየር ግፊት የሚወረውር፣ ለጨዋታና ለውድድር የሚያገለግል የጠመንጃ አምሳያ ነው። ጨዋታው ከጃፓን ተነሥቶ ወደ ሌላው ዓለም የተዛመተ ሲሆን፣ ቶኪዮ ማሩይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1991 ፋማስ የተሰኘውን የፈረንሳይ ጠመንጃ በባትሪ በሚሠራ አምሳያ ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ባትሪ የዚህ መሣሪያ ዋና የኃይል ምንጭ ሆኗል። ቃታው ሲሳብ ከባትሪው የሚወጣው ኤሌክትሪክ ሞተሩን ያሽከረክራል፤ ሞተሩ በማርሾች አማካይነት ፒስተኑን ወደ ኋላ ይስባል፤ ፒስተኑም ሞላውን ጨምቆ ሲለቀቅ ከፊቱ ያለውን አየር በኃይል ገፍቶ እንክብሉን ያስወነጭፋል።

ጠመንጃው ሲለግም ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በባትሪው ላይ ይላከካል፤ ባለቤቱም አዲስ ይገዛና እርሱም ከአሮጌው የማይሻል ሆኖ ያገኘዋል። እንዲህ ያለው ወጪ የሚመጣው ባትሪውን፣ ቻርጀሩን፣ የሽቦ ማገናኛውንና ጠመንጃውን ለያይቶ ከመመርመር በፊት ፍርድ ስለሚሰጥ ነው። ለምርመራው በየኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫው ቴስተር እየተባለ የሚጠራው መለኪያ ይበቃል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ካዝናው ተነቅሎ፣ ጠመንጃው ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ አንዴ ተተኩሶ በውስጡ የቀረው እንክብል መውጣት አለበት፤ የመከላከያ መነጽርም እስከ መጨረሻው ከዓይን አይወልቅም።

በዚህ መሣሪያ ላይ በብዛት የሚገኙት ሁለት የባትሪ ዓይነቶች ናቸው። ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ የሚባለው ዓይነት እያንዳንዱ ሴሉ፣ ማለትም ባትሪውን የሚሠራው ነጠላ ክፍል፣ 1.2 ቮልት ስለሚይዝ ሰባቱ ሲቀጣጠሉ 8.4፣ ስምንቱ ደግሞ 9.6 ቮልት ይሆናሉ። በአጭሩ ሊፖ የሚባለው የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ በበኩሉ በአንድ ሴል 3.7 ቮልት ስለሚይዝ ባለሁለት ሴሉ 7.4 ቮልት ተብሎ ይሸጣል፤ እስከ ጥግ ሲሞላ ግን 4.2 በሴል፣ በድምሩ 8.4 ቮልት ይደርሳል። ብዙ ተጠቃሚ የሚሳሳተው በዚህ ቁጥር ነው፤ ቴስተሩ 8.4 ሲያሳይ ሊፖው ሞልቷል ማለት ሲሆን፣ ተሞልቶ እንዳበቃ ወደ 9.8 ቮልት መጠጋት የነበረበት ባለሰባት ሴሉ የኒኬል ባትሪ ግን ሊያልቅ የተቃረበ ነው።

ይሁንና ሥራ ላይ ባልሆነ ባትሪ ላይ የሚነበብ ቮልት ከእውነቱ ግማሹን ብቻ ይናገራል። ያረጀ ባትሪ ውስጣዊ ሬዚስታንሱ፣ ማለትም የራሱን ኤሌክትሪክ የሚያግድበት መጠን፣ ስለሚጨምር በዕረፍት ላይ ሙሉ መስሎ ይታይና ሞተሩ ሲነሣ ይወድቃል። ስለዚህ የቴስተሩ ሁለት ጫፎች እርስ በርስ ሳይነካኩ በማገናኛው ጀርባ ብረቱ በሚታይበት በኩል ተደርገው፣ ሌላ ሰው ቃታውን ለአንድ ሁለት ሰከንድ ሲስብ ቁጥሩ መነበብ አለበት። ከ9.8 ወደ 8 አካባቢ ዝቅ ማለት የተለመደ ሲሆን፣ ወደ 5 የሚያሽቆለቁል ከሆነ ወይ ባትሪው ደክሟል ወይ ሞተሩ ከመጠን በላይ እየሳበ ነው፤ ሁለቱን የሚለየው ደህንነቱ በተረጋገጠ ሌላ ባትሪ መሞከር ነው። ቮልቱ ሳይወርድ ሞተሩ የሚንቀራፈፍ ከሆነ ደግሞ ኃይሉ የሚጠፋው ከባትሪው በኋላ ባለው መንገድ ላይ ነው።

በዚህ መንገድ ላይ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ማገናኛው ነው። ሞተሩ 20 አምፔር ቢስብና በላላ ወይም በዛገ ማገናኛ ላይ 0.1 ኦም ብቻ ቢኖር 2 ቮልት እዚያው ይቀራል፤ 40 ዋትም ወደ ሙቀት ይለወጣል። አነስተኛው የታሚያ ማገናኛ፣ ማለትም በነጭ ፕላስቲክ ውስጥ ሁለት ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች ያሉት፣ በመሰካትና በመንቀል ብዛት እየሰፋ ስለሚሄድ ለዚህ ጣጣ የተጋለጠ ነው። ጥቂት ከተተኮሰ በኋላ በጣት ሲነካ ከሽቦው ይልቅ ማገናኛው የሚሞቅ ከሆነ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

የሊፖ ባትሪ ተጨማሪ ምርመራ ይጠይቃል። ከጎኑ በምትወጣው ትንሿ ነጭ ሶኬት ላይ እያንዳንዱ ሴል ለየብቻው ይለካል፤ በድምር 7.8 ቮልት የሚያነብ ባትሪ አንዱ ሴሉ 4.2፣ ሌላው 3.6 ሊሆን ይችላልና። ከ3 ቮልት በታች የወረደ ሴል ያለበት፣ ወይም ሆዱ እንደ ትራስ ያበጠ ባትሪ ለማዳን አይሞከርም፤ አይበሳም፣ ዳግም አይሞላም፣ ከሚቀጣጠል ነገር ርቆ ይቀመጥና አሮጌ ባትሪ ለሚረከብ አካል ይሰጣል።

ወደ ቻርጀሩ ሲመጣ በመብራቱ ብቻ መፍረድ አያዋጣም። ባትሪው እንደተሰካ ወዲያው አረንጓዴ የሚበራው ባትሪው ስለሞላ ብቻ ሳይሆን ግንኙነቱ ስለተቋረጠም ሊሆን ይችላል። ዘመናዊ ቻርጀሮች ባትሪ ካልተሰካባቸው ቮልት ላያወጡ ስለሚችሉ፣ በባዶው ተለክቶ ዜሮ ያሳየ ቻርጀር ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ከጠመንጃው ጋር በካርቶን የሚመጣው ርካሽ ቻርጀር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ራሱን አያጠፋም፤ የሚፈጀው ጊዜ የሚሰላው የባትሪው ሚሊ አምፔር ሰዓት በቻርጀሩ ሚሊ አምፔር ተካፍሎ፣ ለብክነቱ በ1.4 ተባዝቶ ነው። 1600 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚይዝ የኒኬል ባትሪ በ250 ሚሊ አምፔር ሲሞላ 9 ሰዓት ያህል ይወስዳልና፣ በሦስት ሰዓት ነቅሎ ባትሪውን መውቀስ ተገቢ አይሆንም። ለኒኬል የተሠራ ቻርጀር ፈጽሞ ለሊፖ አይውልም፤ ራሱን የሚያጠፋው እንኳ ባትሪው ሲሞላ ቮልቱ ጥቂት ዝቅ እንዲል ስለሚጠብቅ፣ ሊፖው ያንን ምልክት ሳይሰጥ ከ4.2 ቮልት በላይ እየተገፋ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ከጃፓን የመጣ ቻርጀር ከሆነ ጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍ ይነበብ፤ የጃፓን መስመር 100 ቮልት በመሆኑ፣ ለዚያ ብቻ የተሠራው ቻርጀር እንደ ኢትዮጵያ ባለ የ220 ቮልት መስመር ላይ ከተሰካ ይቃጠላል።

ባትሪውም ቻርጀሩም ማገናኛውም ነፃ ከወጡ ምርመራው ወደ ጠመንጃው ይገባል። ምንም ድምፅ ከሌለ ፊውዙ ይታያል። አንዳንዴ እየሠራ አንዳንዴ የሚቀር ከሆነ በቃታው ሥር ያሉት የብረት ምላሶች በብልጭታ ጠቁረው ሊሆን ይችላል። ሞተሩ እያጓራ የማይዞር ከሆነ ማርሹ ተነክሶ ይሆናልና ቃታው ወዲያው መለቀቅ አለበት፤ አለበለዚያ ደህናው ባትሪ አብሮ ይጎዳል። ቃታውን በኤሌክትሮኒክ ማብሪያ የሚቆጣጠሩ አንዳንድ ጠመንጃዎች ደግሞ ሳይተኮስባቸውም ጥቂት ኤሌክትሪክ ስለሚስቡ፣ ሊፖ በውስጣቸው ተሰክቶ ለሳምንታት ከተረሳ ከ3 ቮልት በታች ወርዶ ይገኛል።