የብስክሌትን ቴላዮ ለሰፊ ጎማ ስለ ማሻሻል

ከመካከላችን አንዳንዶቹ አሮጌ የእሽቅድምድም ብስክሌት በርካሽ ይገዙና ከግቢው በር ወጥተው ኮብልስቶኑ ላይ ሲደርሱ ይጸጸታሉ። ጎማው ቀጭን ነው፤ ቸርኬው ይጣመማል፤ ራጂው ይበጠሳል፤ የነጂውም ክንድ እስከ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ከዚህ በኋላ ሰፋ ያለ ጎማ ይገዛል። ጎማው ሲሞከር ግን ከቱቦው ጋራ ይጋጫል፤ ባለቤቱም ብስክሌቱን ተሸክሞ ወደ በያጅ ይሄዳል። ይህ ጽሑፍ የታሰበው ወደ በያጁ ከመሄዱ በፊት ላለው አንድ ቀን ነው።

ሰፊ ጎማ ለምን እንደሚሻል በአንደኛ ዓመት ፊዚክስ ማስረዳት ይቻላል። ግፊት ማለት ኀይል ለስፋት ሲካፈል ነው። በኋላው ጎማ ላይ 50 ኪሎ ክብደት ቢያርፍና የጎማው አየር በካሬ ሴንቲሜትር 7 ኪሎ ቢገፋ፣ መሬቱን የሚነካው የጎማ ክፍል በግምት 7 ካሬ ሴንቲሜትር ይሆናል። ግፊቱን ወደ 3 ተኩል ብናወርደው ስፋቱ እጥፍ ይሆናል፤ ጎማውም ድንጋዩን እየዋጠ ያልፋል። ቀጭኑን ጎማ ግን እንዲህ ብናላላው ድንጋይ ሲመታው እስከ ቸርኬው ድረስ ተጨፍልቆ ከመነዳሪው ይቀደዳል። እንግዲህ የምንፈልገው ስፋቱን ብቻ ሳይሆን ከስፋቱ ጋራ የሚመጣውን ጥልቀት ነው። ጆን ቦይድ ደንሎፕ እ. ኤ. አ. በ1888 ዓ. ም. በቤልፋስት ለልጁ ባለሦስት እግር ብስክሌት በአየር የተሞላ ጎማ የሠራው በዚሁ አሳብ ነበር።

አሁን ወደ ልኩ እንምጣ። በጎማው ጎን ላይ 28-622 የሚል ቍጥር ይገኛል። ፊተኛው የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው፤ ኋለኛው ጎማው የሚቀመጥበት የቸርኬው ዲያሜትር ነው። ነጋዴዎች የሚጠሩት የኢንች ስም ብዙ ጊዜ ያሳስታልና በዚህኛው ቍጥር መተማመን ይሻላል። ከዚያም ጎማው ሳይወልቅ በካሊፐር እነዚህን ቦታዎች እንለካለን፤ የፊት ሹካው ራስና ሁለቱ ጎኖቹ፣ ከፔዳሉ መዞሪያ ወደ ኋላ የሚሄዱት ሁለት የታች ቱቦዎች፣ በእነዚሁ መካከል ያለው አጭር አግዳሚ፣ ከመቀመጫው ሥር በሚወርዱት ቱቦዎች መካከል ፍሬኑን የሚይዘው አግዳሚ፣ በመጨረሻም የፍሬኑ ቅስት። ቸርኬ ይወላገዳል፣ ጭቃም ይጣበቃል፤ ስለዚህ በየጎኑ ከ4 እስከ 6 ሚሊሜትር ባዶ ቦታ መቅረት አለበት። ብዙ ጊዜ የሚያንሰው አንድ ቦታ ብቻ ነው። የትኛው እንደ ሆነ ሳይታወቅ እሳት ማንደድ ከንቱ ድካም ነው።

ያለ አንዳች ወጪ የሚገኝ ቦታም አለ። ፓራፋንጎው ሲወልቅ ጥቂት ይገኛል። በአሮጌ ቴላዮዎች የኋላው አክስል የሚገባበት ቀዳዳ አግድም የተቆረጠ ስለሆነ፣ ጎማውን ወደ ኋላ ስበን ማሰር እንችላለን፤ ካቴናው ግን በልክ መርዘም ይኖርበታል።

ሁለተኛው ዘዴ ቴላዮውን ትቶ ቸርኬውን መለወጥ ነው። በ622 ፈንታ 584 ቸርኬ ብናስገባ (27 ተኩል ኢንች የሚባለው ነው) ሬዲየሱ በ19 ሚሊሜትር ያንሳል። የቀድሞው ጎማ ከአክስሉ እስከ መሬት 311 ሲደመር 28፣ ማለት 339 ነበር፤ 42-584 ጎማ ቢገባ 292 ሲደመር 42፣ ማለት 334 ይሆናል። የወረድነው 5 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ፔዳሉ በመታጠፊያ ላይ መሬት እንዳይነካ ግን መጠንቀቅ ነው። በተጨማሪም የጎማው ሰፊ ክፍል ወደ አክስሉ ወደ 12 ሚሊሜትር ያህል ይጠጋል፤ በዚያም ሁለቱ የታች ቱቦዎች ይበልጥ የተራራቁ ናቸው። ችግሩ ፍሬኑ ነው፤ ጫማው 19 ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ ቸርኬውን መያዝ አለበት። ክንዱ ረጅም የሆነ ፍሬን ካልተገኘ ይህ ዘዴ አይሆንም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ቦታው ካልበቃ ቴላዮው ይነካል። በመጀመሪያ ማግኔት እናስጠጋለን። ካልያዘ ቴላዮው አሉሚኒየም ወይም ካርቦን ነው፤ ሥራውም እዚያው ይቆማል። በሙቀት የጠነከረ አሉሚኒየም በብየዳ ጥንካሬውን ያጣል፤ ካርቦን ደግሞ አይጨፈለቅም፣ ይሰነጠቃል።

ብረት ከሆነ የታቹን ቱቦ በውስጥ በኩል ጥቂት ማጎድጎድ ይቻላል። ቱቦው በውጭ በኩል በልኩ በተቦረቦረ እንጨት ይደገፋል፤ በውስጥ በኩል ለስላሳ ድቡልቡል ብረት ይደረግበታል፤ ከዚያም ሞርሳው ቀስ እያለ ይጠበቃል። እሳት አያስፈልግም። በያንዳንዱ ጎን ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ቢሆን ቱቦው ለመታጠፍ ይሰንፋል። በመዶሻ የሚመታ ሰው ካጋጠማችሁ ብስክሌታችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ ስል እጥፋት የስንጥቅ መነሻ ነውና። ሥራው ሲያልቅ ሲባጎ ከአንዱ የኋላ አክስል መያዣ አንሥቶ፣ በመሪው ቱቦ ዞሮ፣ ወደ ሌላው መያዣ ይወጠራል። ከመቀመጫው ቱቦ እስከ ሲባጎው ያለው ርቀት በግራና በቀኝ እኩል ካልሆነ ቴላዮው ተጣሟል።

የፍሬኑ አግዳሚ ዝቅ ብሎ የጎማውን አናት የሚነካ ከሆነ፣ ተቆርጦ ከፍ ብሎ ይበየዳል፤ ፍሬኑ ወደ ቸርኬው መድረሱ አስቀድሞ ይለካ። እዚህ ላይ የብየዳው ዓይነት ወሳኝ ነው። የጥሩ ብስክሌት ቱቦ ስሙ ወፍራም ነው እንጂ ግድግዳው አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። እ. ኤ. አ. በ1935 ዓ. ም. የወጣው ሬይኖልድስ 531 ለነሐስ ብየዳ እንጂ ብረቱን ራሱን ለማቅለጥ የታሰበ አልነበረም። ነሐስ በ900 ዲግሪ ገደማ ይፈስሳል፤ ብረቱ የሚቀልጠው በ1500 አካባቢ ስለሆነ ቱቦው ሳይቀልጥ ይጣበቃል። የአጥር በር የሚሠራበት የኤሌክትሪክ ብየዳ ግን ስስ ቱቦን ይበሳል፤ ባይበሳውም ከስፌቱ አጠገብ ያለው ብረት ተሰባሪ ይሆናል። ቀለሙና ኒኬሉ አስቀድሞ ይፋቅ፤ ሥራውም አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይሁን።

የፊት ሹካው ከጠበበ ግን ምክሬ አጭር ነው፤ አይነካ፣ በሌላ ይለወጥ። የኋላ ቱቦ ቢሰበር ነጂው ብዙ ጊዜ በእግሩ ይቆማል፤ ሹካ ሲሰበር ግን ፊት ለፊት በግንባሩ ይደፋል። አንድ ጓደኛችን በብየዳ በሰፋ ሹካ ቍልቍለት ሲወርድ ሁለት ጥርሱን አጥቷል።

ብስክሌቱን ገና ያልገዛ ሰው ደግሞ ይህን ሁሉ ሊያመልጠው ይችላል። በካሊፎርኒያ፣ በማሪን አውራጃ፣ በኮረብታ መንገድ መውረድ የጀመሩት ወጣቶች ጠባብ ቴላዮ አላስፋፉም፤ ሽዊን የሚባለው ፋብሪካ እ. ኤ. አ. በ1933 ዓ. ም. ላወጣው 2.125 ኢንች ጎማ የተሠሩ አሮጌ ቴላዮዎችን ፈልገው ነው የተጠቀሙት። ጆ ብሪዝ ለዚሁ ሥራ አዲስ ቴላዮ የሠራው እ. ኤ. አ. በ1977 ዓ. ም. ነው።

የተሻሻለውን ቴላዮ ወዲያው ወፍራም ቀለም አትቀቡት። ለመጀመሪያው ወር በስስ ቀለም ይቆይ፤ በየሳምንቱም ጉድጓዶቹንና የብየዳውን ዳር በጨርቅ ጠርጋችሁ ተመልከቱ። እንደ ፀጕር የቀጠነ የዝገት መሥመር ከታየ ብስክሌቱ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አይነዳ።