የሚይዘው ሞላ፣ የሚያስለቅቀው ኤሌክትሪክ

የጎልፍ ጋሪ እንስሳ የማይጎትተው፣ ብዙውን ጊዜ በባትሪ የሚሄድ ትንሽ መኪና ነው። ጎልፍ በሚባል ጨዋታ ሜዳ ላይ ሰውና ዕቃ ያመላልሳል። በባትሪ ከሚሄደው ብዙው በ36 ወይም በ48 ቮልት ይሠራል። አንዳንዱ በሞተሩ ጫፍ ላይ የኤሌክትሪክ ፍሬን አለው።

ፍሬኑ እንዴት ይሠራል? ጋሪው ሲቆም ሞላ እንደ ወጥመድ ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። ፔዳሉ ሲረገጥ ኤሌክትሪክ በተጠቀለለ ሽቦ ውስጥ ያልፋል። ጥቅሉ ማግኔት ሆኖ ሞላውን ያሸንፋል፤ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ፍሬኑም ይለቃል። እንግዲህ ኤሌክትሪክ ከተቋረጠ ፍሬኑ ይይዛል እንጂ አይለቅም።

ጋሪው አልሄድ ቢልስ? ደልዳላ ቦታ ላይ የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ እንደግፍ። የኋላዎቹን በክሪክ አንስተን በጠንካራ ማቆሚያ ላይ እናሳርፍ። ከዚያ ፔዳሉን ቀስ ብለን ረግጠን እናዳምጥ።

1ኛ/ ድምፅ ከሌለ፦ ባትሪው መሞላቱን፣ የሽቦው መጋጠሚያ አለመላላቱንና አለመዛጉን እንይ። ፔዳሉ እንደተረገጠ በፍሬኑ ሶኬት ላይ በቴስተር እንለካ። ኤሌክትሪክ ደርሶ ፍሬኑ ካልለቀቀ ጥፋቱ የራሱ የፍሬኑ ነው፤ ጥቅሉ ተቃጥሎ ይሆናል። ካልደረሰ ግን ጥፋቱ ከዚያ ወዲህ ነው፤ ሽቦውን እንከተል።

2ኛ/ ድምፅ ተሰምቶ ጎማው ከከበደ፣ ወይም የተቃጠለ ነገር ከሸተተ፦ ፍሬኑ በደንብ አልለቀቀም፤ ዝገት ወይም ቆሻሻ ይዞት ይሆናል።

3ኛ/ ዳገት ላይ ቆሞ ከተንሸራተተ፦ ሸራው አልቋል ወይም ዘይት ነክቶታል። ሳይጠገን አይነዳም።

አንዳንዱ ፍሬን በእጅ የሚለቀቅበት ዘንግ አለው። ጋሪውን ለመግፋት ይጠቅማል። ነገር ግን ተዳፋት ላይ አይነካም! ዘንጉ ከተሳበ ጋሪውን የሚይዘው የለም፤ ከታች ያለ ሰው ሊጨፈለቅ ይችላል።

ጥያቄ፦ ባትሪው ቢሞት ፍሬኑ ይይዛል ወይስ ይለቃል? ለምን?