የእብድ ውሻ ቫይረስ ከሴል እንዴት ይወጣል? ተራ ሳሙናስ እንዴት ያሸንፈዋል?



«ዶክተር፣ ውሻ ሲነክስ መጀመሪያ ቁስሉን በሳሙና እጠቡ ትላላችሁ። ይሄን የሚያህል ገዳይ በሽታ ሳሙና ምን ያደርገዋል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ያለው ማትሪክስ ፕሮቲን የሚባል የቫይረሱ ክፍል በሚሠራው ሥራ ውስጥ ነው። ዛሬ ትንሽ ሳይንስ ይበዛል፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት። እንጅባራም ሆነ ዳንግላ ያለ ሰው፣ ማታ ከሥራ ሲመለስ ወይም ልጁን ትምህርት ቤት ሲልክ ሊያጋጥመው የሚችል ጉዳይ ነው።

🔹 ቫይረሱ ከምን ተሠራ?

የእብድ ውሻ በሽታ (ሬቢስ) ቫይረስ ቅርጹ እንደ ጥይት ነው። ያሉት ፕሮቲኖች 5 ብቻ ናቸው። ሦስቱ የዘር መልእክቱን (አርኤንኤውን) ይጠብቃሉ፣ ያባዛሉ። አራተኛው ጂ ፕሮቲን ሲሆን ከላይ እንደ እሾህ ወጣ ወጣ ብሎ ሴል ላይ የሚጣበቀው እሱ ነው። አምስተኛው ማትሪክስ ፕሮቲን ነው፤ ከውጭ አይታይም፣ ከሽፋኑ ሥር ተደብቆ ይሠራል።

🔹 ማትሪክስ ፕሮቲን ምን ይሠራል?

ድንች ጆንያ ውስጥ ሲከተት አይታችሁ ታውቁ የለ? አንዱ ይሞላል፣ ይጠቀጥቃል፣ አፉን ሰፍቶ መኪና ላይ ይጭናል። ያ ሰው ከሌለ ድንቹ ሜዳ ላይ ተበትኖ ይቀራል። በቫይረሱ ውስጥ ያንን ሥራ የሚሠራው ማትሪክስ ፕሮቲን ነው፦

1. የተዘረጋውን የዘር መልእክት አጥብቆ ይጠቀልለዋል፤ የጥይት ቅርጹ የሚመጣው ከዚህ ነው።
2. የተጠቀለለውን ከሴሉ ሽፋን ጋር፣ እዚያ ከሚጠብቀው ጂ ፕሮቲን ጋር ያገናኘዋል።
3. ሽፋኑ ልክ ቅርንጫፍ ላይ እንደሚያቆጠቁጥ ቡቃያ ወደ ውጭ እንዲያብጥ ያደርጋል። በመጨረሻም የሴሉን የራሱን ፕሮቲኖች ጠርቶ ቡቃያው ተቆርጦ እንዲወጣ ያደርጋል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ! ቫይረሱ የራሱን ሽፋን አይሠራም። የሌላውን ጋቢ ለብሶ እንደሚወጣ ሌባ፣ የሴሉን ሽፋን ቆርሶ ለብሶት ነው የሚወጣው። የሴል ሽፋን ደግሞ በአብዛኛው ስብ (ቅባት) ነው።

🔹 ይህን ካረጋገጡት አንዱ ኢትዮጵያዊ ነው

ዶ/ር ተሾመ መባጽዮን ይባላሉ። በ1992 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቻቸው ጋር ከኢትዮጵያ የተገኙ 115 የሬቢስ ናሙናዎችን የመረመሩበትን ጥናት አሳተሙ። ከእነዚያ ውስጥ ሁለቱ የሬቢስ ዘመድ የሆኑት ሞኮላ እና ሌጎስ ባት ቫይረሶች ሆነው ተገኙ።

በ1999 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከጀርመን ተመራማሪዎች ጋር ማትሪክስ ፕሮቲን የሌለው የሬቢስ ቫይረስ ሠርተው ምን እንደሚሆን አዩ። ከሴል ውጭ የተገኘው ተላላፊ ቫይረስ እስከ 500,000 እጥፍ ቀነሰ! ከወጣውም ውስጥ የጥይት ቅርጽ ያለው አልተገኘም፤ ረጃጅም ዘንግ የመሰሉ ነበሩ። ፕሮቲኑን መልሰው ሲሰጡት ቅርጹ ተመለሰ። ማለትም ጠቅላዩና ጫኚው ማትሪክስ ፕሮቲን መሆኑ ተረጋገጠ።

🔹 ይሄ ከውሻ ንክሻ ጋር ምን አገናኘው?

ቫይረሱ ከቁስሉ ወደ ነርቭ ይገባና በነርቩ ተጉዞ አንጎል ይደርሳል። ከአንጎል ደግሞ ወደ ምራቅ ዕጢ ይወርዳል። እዚያ ከሴሎቹ እያቆጠቆጠ ወደ ምራቅ ቦይ በብዛት ይፈስሳል። የታመመ ውሻ ለሀጭ አደገኛ የሆነው ለዚህ ነው። እንዲያውም ውሻው የሕመም ምልክት ከማሳየቱ ጥቂት ቀናት በፊት ቫይረሱ ምራቁ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ «ውሻው ደህና ይመስላል» ማለት ዋስትና አይሆንም።

አሁን ወደ ሳሙናው እንመለስ። ቫይረሱ ለብሶት የመጣው ጋቢ ስብ ነው ብለናል። ቅባት የነካው ሳህን በሳሙና እንደሚለቅ ሁሉ፣ ሳሙና ያንን ሽፋን ይበትነዋል። ሽፋኑ የተበተነ ቫይረስ ደግሞ ሴል ውስጥ መግባት አይችልም። ሳሙና የሚደርሰው ግን ቁስሉ ላይ ያለው ጋር ብቻ ነው። ነርቭ ውስጥ የገባውን አይነካውም። ለዚህ ነው ፍጥነትም ክትባትም የሚያስፈልገው።

ክትባቱ ሰውነታችን አንቲቦዲ እንዲያመርት ያደርጋል። አንቲቦዲው ከውጭ የሚታየውን ጂ ፕሮቲን ይዞ ቫይረሱን ነርቭ ሳይደርስ ያስቀረዋል። ምልክቱ ከጀመረ በኋላ ግን ሬቢስ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ይገድላል። በዓለም ላይ በዓመት ወደ 59,000 ሰው እንደሚሞትበት ይገመታል።

✅ ውሻ ከነከሳችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

👉 ወዲያውኑ ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ። ሰዓት እያያችሁ! ቧንቧ ከሌለ በጆግ እያፈሰሳችሁ እጠቡ።
👉 በርበሬ፣ ቅጠል፣ አሲድ ምናምን ቁስሉ ላይ አታድርጉ።
👉 በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ። ክትባቱ እዚያ ከሌለ የት እንደሚገኝ ጠይቁና ሪፈር ይዛችሁ ወዲያው ሂዱ። ነገ አትበሉ። ቁስሉ ከደማ ባለሙያው ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባል ተጨማሪ መድኃኒትም ሊያዝ ይችላል።
👉 የተጀመረውን ክትባት በቀጠሮው ጨርሱ። ድሮ ሆድ ላይ ይወጋ የነበረውን ብዙ መርፌ ሰምታችሁ የምትፈሩ ካላችሁ፣ ዘመናዊው ክትባት ክንድ ላይ የሚሰጥ ነው፤ ቁጥሩም ጥቂት ነው።
👉 ውሻው ባለቤት ካለው አትግደሉት፤ አስሩትና 10 ቀን ተከታተሉት። እናንተ ግን ክትባቱን ለመጀመር 10 ቀኑን አትጠብቁ።

❗ ጸበል መጠመቅ እምነታችሁ ነው፣ አከብራለሁ። መድኃኒት አዋቂ ጋር የሚሄድም አለ። ግን አንዱም የክትባቱን ቀን እንዳያሳልፍባችሁ። ምልክቱ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ ነው። ሰው «ተሽሎኛል» ብሎ የሚዘናጋው በዚህ መሐል ነው።

❗ በሽታው ውሻ ብቻ አይደለም የሚይዘው። እኛ ዞን ፈረስ ክብራችን ነው፤ ፈረስም ከብትም በእብድ ውሻ ከተነከሰ ይታመማል። የታመመ እንስሳ አፍ ውስጥ እጃችሁን አትክተቱ፤ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። ውሻ ያላችሁ ደግሞ በየዓመቱ አስከትቡት። ሰው ላይ ለሚደርሰው ሬቢስ 99 በመቶ ያህሉ ምክንያት ውሻ ነው።

ልጆች ሲነከሱ ቁጣ ፈርተው ይደብቃሉ። ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን «ውሻ ቢቧጭራችሁም ንገሩኝ፣ አልቆጣም» በሏቸው።

ጥያቄ ካላችሁ ኮመንት ላይ አስቀምጡልኝ። ለጎረቤትም እንዲደርስ ሼር አድርጉት።