የጥርስ ሽቦና የመጨረሻው መንጋጋ

በየክፍሉ ጥርሳቸውን በሽቦ የሚያሳስሩ ተማሪዎች እያየን ነው። ሐኪሙ ሽቦውን ባጠበቀው ቁጥር ጥርስ ለጥቂት ቀናት ያማል፤ ያልፋል። በዚያ ሰሞን አጥሚትና ሽሮ ይበጃል። ቆሎ ግን ሽቦው እስኪወልቅ ይቅር፤ ማያያዣውን ከጥርስ ያላቅቃል። ሽቦው ከወለቀ በኋላም ማቆያውን የማያደርግ ልጅ ጥርሱ ተመልሶ ሊጣመም ይችላል፤ የወላጅ ገንዘብም ባከነ ማለት ነው።

የመጨረሻው መንጋጋ አብዛኛውን ጊዜ ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ ይበቅላል፤ ለአንዳንዱ ልክ በ12ኛ ክፍል ፈተና ሰሞን። ቦታ ካጣ ድድ ያብጣል። ለብ ባለ የጨው ውኃ መጉመጥመጥ ያስታግሳል። ትኩሳት ከመጣ፣ አፍ አልከፈት ወይም ምራቅ አልዋጥ ካለ ግን «ፈተና አለብኝ» ተብሎ አይታደርም፤ ለእኛ ንገሩን፣ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። «ጥርስ ሲነቀል ዓይን ይጠፋል» ለምትሉን ወላጆች፦ የማያ ነርቭ ከጥርስ ነርቭ የተለየ ነው።