ለቤት ኮምፒውተር የትኛው አንቲ ቫይረስ?

ጅማም ሆነ አጋሮ ወይም ሊሙ ገነት፣ የቤት ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ ቫይረስ የሚይዘው በፍላሽ ነው። ፎቶ ቤት ተሰክቶ የመጣው ፍላሽ ሲከፈት ፋይሎቹ የሉም፤ የሚታየው ሾርትከት ብቻ ነው። ፋይሎቹ በአብዛኛው ተደብቀው እንጂ ጠፍተው አይደለም። ስለዚህ ሾርትከቱን ሳትነኩ ስካን አድርጉ፤ “ፎርማት ይደረግ” ለሚላችሁም ቶሎ እሺ አትበሉ!

እንግዲህ የትኛውን እንጫን? ካስፐርስኪ፣ አቫስት፣ ኖርተን እያሉ በስም መከራከር የተለመደ ነው። እኔ ግን ከስሙ በፊት “አፕዴት የሚያገኘው እንዴት ነው?” ተብሎ ቢጠየቅ እላለሁ። አዳዲስ ቫይረሶችን የሚለይበት ዝርዝር ከከረመ አንቲ ቫይረሱ ብዙም አይጠቅምም። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ዲፌንደር አብሮ ስለሚመጣ ለቤት ይበቃል ባይ ነኝ። ኢንተርኔት ለሌለው ቤት ደግሞ አፕዴቱን ካምፓስ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ አውርዶ (32 ወይም 64 ቢት መሆኑን አይቶ) በንጹሕ ፍላሽ መውሰድ ይቻላል። ሁለት አንቲ ቫይረስ ደርቦ መጫን ማሽኑን ያንቀረፍፋል። ክራክ የተደረገውማ ጭራሽ! ክራኩ እንዲሠራ መጀመሪያ መከላከያውን አጥፉ ይባላል፤ ዘበኛውን አስተኝቶ በር መክፈት ማለት ነው።

የኛን ሙያ የሚመለከት ነገር ልጨምር። በ2013 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለኢሳት ሠራተኞች በስካይፕ የተላከው የሃኪንግ ቲም መሰለያ ተራ ሰነድ መስሎ ነበር የመጣው፤ የካናዳው ሲቲዝን ላብ በ2014 አጋለጠው። እንዲህ ያለውን የትኛውም አንቲ ቫይረስ ላያየው ይችላል። የምንጮቻችን ስም ያለበት ፋይል ቤተሰብ በሚጋራው ኮምፒውተር ላይ ባይቀመጥ ይመረጣል።